ዝም ስንል የሚሰማው ድምፅ

በእንጅባራ አጥቢያችን ለበርካታ እሑዶች አንድ ያልጋበዝነው ድምፅ አብሮን ያመልክ ነበር። “ሁምምም” የሚል፣ ወፍራምና የማያቋርጥ ድምፅ። ስንዘምር ይሸፈናል፤ ለጸሎት ዝም ስንል ግን ቤቱን ይሞላዋል።

ሚክሰሩን የሚይዘው ከወጣቶቻችን አንዱ ነው። አንድ እሑድ ትዕግሥቴ አለቀና ስብከቴን አቋርጬ በማይክ፣ “አንተ ልጅ፣ ካልቻልክ ለሚችል ልቀቅ!” አልኩት። አንገቱን ደፋ። በሚቀጥለው እሑድ አልመጣም።

ገመድ ቀየርን፤ ድምፁ አልጠፋም። እኔም ከእሱ በላይ ለመሰማት ድምፅ አስጨመርኩ፤ እሱም አብሮ ጨመረ። በመጨረሻ ሥራውን የሚያውቅ አንድ ወንድም ከዳንግላ ጠራን። ሚክሰሩን ሳይነካ ዙሪያውን አየና፣ “ፓስተር፣ እስቲ የላፕቶፑን ቻርጀር ይንቀሉት” አለኝ። ነቀልኩት። ቤቱ ጸጥ አለ።

ነገሩን እንዲህ አስረዳን። ለትምህርት የምጠቀምበት ላፕቶፕ ቻርጀሩ መድረኩ አጠገብ ካለው ሶኬት፣ ሚክሰሩ ደግሞ ከኋላው ግድግዳ ተሰክቷል። ሁለቱም በየራሳቸው መንገድ ከመሬት ጋር ተያይዘዋል፤ የድምፁ ገመድ ሲያገናኛቸው መንገዱ ቀለበት ይሆናል። በሁለቱ የመሬት መስመሮች መካከል ጥቂት የቮልቴጅ ልዩነት ካለ በገመዱ ሽፋን ሽቦ በኩል ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈስሳል። የአገራችን መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ስለሆነ ያ ምልልስ ከመዝሙሩ ጋር ተቀላቅሎ በስፒከር ይወጣል።

መፍትሔው ሁለቱንም ከአንድ ሶኬት ማስነሣት ነው። ያ ካልበቃ ድምፁን አሳልፎ የመሬት መስመሩን የሚለይ ትንሽ ትራንስፎርመር ያለበት መሣሪያ መካከላቸው ይገባል። “የመሬቱን ሽቦ ግን እንዳትቆርጡ” ብሎ አስጠነቀቀን፤ “እሱ የሰው ሕይወት ጠባቂ ነው።”

“ሚክሰሩም ደኅና፣ ላፕቶፑም ደኅና፤ ችግሩ መካከላቸው ነው” አለ። እኔም፣ “በእኔና በልጁ መካከልም እንዲሁ ነው” ብዬ ልጽናና ፈለግሁ። ኅሊናዬ ግን እንቢ አለኝ። ላፕቶፑ የማን ነው? ቻርጀሩን በየእሑዱ እዚያ የሚሰካው ማን ነው? እኔው ነኝ።

የማግስቱን እሑድ በጠራ ድምፅ ሰበክሁ። ለጸሎት ዝም ስንል ግን ሌላ ሁምታ ሰማሁ፤ ይህኛው ከስፒከር አልነበረም። ጌታችን በማቴዎስ 5፥23-24 መባን ትቶ አስቀድሞ ከወንድም ጋር ስለ መታረቅ ያስተማረው ትዝ አለኝ። ስንት ጊዜ ሰብኬበታለሁ!

ከአምልኮ በኋላ ወደ ቤቱ ሄድሁ። እናቱ ቡና አፈሉ። “ልጄ፣ ባላጠፋኸው በሰው ፊት አሳፈርኩህ፤ ይቅር በለኝ” አልኩት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ “እኔም ቻርጀሩን ጠርጥሬ ነበር ፓስተር፤ ለእርስዎ ለመናገር ፈርቼ ነው” አለኝ።

ይህ ቃል ከሁሉ በላይ ቆረጠኝ። መልሱ ከመጀመሪያው በቤታችን ነበር፤ የእኔ ቁጣ አፉን ዘጋው።

በሰው ፊት የበደልኩትን በሰው ፊት፣ በዚያው ማይክ ይቅርታ ጠየቅሁት። ዛሬ ሚክሰሩ ላይ ተመልሷል። ቻርጀሬን የምሰካውም እሱ ባሳየኝ ቦታ ነው።

ወገኖቼ፣ በቤታችሁ፣ በትዳራችሁ፣ በአገልግሎታችሁ የሚረብሽ ድምፅ ካለ፣ ድምፃችሁን ከመጨመራችሁ በፊት የራሳችሁን ሶኬት ፈትሹ።

ጌታ ሆይ፣ ዝም ስንል የሚሰማውን ድምፅ እንዳንሸሽ እርዳን። በእኛ ፍርሃት አፋቸው የተዘጋውንም እንድንሰማ ጆሮ ስጠን። አሜን።