ሰርዶ ላይ ያዛለኝ ጎማ

ጋዜጠኝነት ተመርቄ ብሎንና ዳዶ እንድለይ ያስገደደኝ የአባዬ አሮጌ ቮልስ ነው። ሰርዶ አካባቢ ጎማ ተነፈሰብን። የጅቡቲ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ቮልሷ ክሪኩ ላይ ትንቀጠቀጣለች፤ በ1961 ዓ.ም. የመሬት መንቀጥቀጥ ባፈረሳት ሰርዶ ይሄ አያስቅም!

ለማታውቁት፣ የቮልስ ጎማ በዳዶ አይታሰርም። ብሎኑ ቸርኬውን አልፎ ታምቡሩ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ አንዱ (ማለትም እኔ) ጎማውን ተሸክሞ ቀዳዳ ያገጣጥማል፣ ሌላው ብሎን ያስገባል። በዚያ ሙቀት እጄ ዛለ፤ አባዬ ብሎኑን አጣሞ አስገባና የታምቡሩ ጥርስ ተበላ። በሦስት ብሎን እየተንፏቀቅን ሎጊያ ገባን።

ታምቡሩ ሲቀየር «እዚያው ተተክሎ የሚቀር ብሎን ይሁንና በዳዶ እንሰረው» አልኩ። ጎማው ይንጠለጠልበታል፤ ጥርስ ቢበላ እንኳ የሚጣለው ብሎኑና ዳዶው ነው። ሻጩ «14 በ1.5 ነው፣ ይገባል» አለን። መግባቱንማ ይገባል። የእኛ ቸርኬ መቀመጫ ግን እንደ ኳስ ክብ ነው፣ የሰውየው ዳዶ አፉ ሾጣጣ። የጠበቀ መስሎ መንገድ ላይ ይላላል። ትተነው ወጣን።

ክብ አፍ ያለው ዳዶ ለማግኘት ሁለት ወር ፈጀ። አባዬ አሁንም አላመነውም፤ ጎማ በተፈታ ቁጥር ሃምሳ ኪሎ ሜትር ነድቶ ይቆምና «ውረጂ፣ አጥብቂ» ይለኛል።