ካርዱ የማን ልጅ ነው?

ወገራ ውስጥ እንግዳ ሰው ሰላምታ እንደጨረሰ የሚቀርብለት ጥያቄ «የማን ልጅ ነህ?» የሚል ነው። የአባቱን ስም ብቻ ጠርቶ ዝም ካለ ጠያቂው አይረካም፤ አያት፣ ቅድመ አያት፣ የትውልድ ቀዬ ይከተላል። ለጋብቻ ከሆነ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ለርስት ከሆነ ደግሞ መሬቱን መጀመሪያ ካቀኑት አባት ሳይደርስ ቆጠራው አያቆምም። አያቴ በዚህ የታወቁ ነበሩ። የርስት ሙግት ሲነሳ «እሳቸው ይቁጠሩ» ይባላል፤ ዛፍ ሥር ተቀምጠው በአባትም በእናትም በኩል ሐረጉን ሲያወርዱት ዳኛውም ተሟጋቹም ጸጥ ብለው ያዳምጣሉ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሲያስቀር የአያቴንም ሙያ አብሮ አስቀረው። ሙያው ጎንደር ፒያሳ፣ ከአንድ ጠባብ የኮምፒውተር ጥገና ቤት ውስጥ እንደገና ይገጥመኛል ብዬ ግን አላሰብሁም።

ምክንያቱ ዘመድ ከዋሽንግተን የላከልኝ ያገለገለ ላፕቶፕ ነው። ዊንዶውሱ ከቀድሞ ባለቤቱ የይለፍ ቃልና የልደት ፎቶዎች ጋር ስለመጣ «ፎርማት» ተደረገ። ከዚያ ወዲያ ላፕቶፑ ዋይፋይ የሚባል ነገር ሰምቶም የሚያውቅ አልመስል አለ። ካርዱ ውስጡ አለ፣ አልተሰበረም፣ አልተቃጠለም። የጠፋው ድራይቨሩ ነው፤ ዊንዶውስ ካርዱን «ተነስ፣ ፈልግ፣ ተገናኝ» ብሎ የሚያዝበት ትንሽ ፕሮግራም። እሱ ከሌለ ካርዱ አለ ማለትና የለም ማለት አንድ ነው።

«የምን ካርድ ነው ጋሼ?» አለኝ ባለሙያው ልጅ።

ላፕቶፑ ክዳን ላይ የተጻፈውን ስም ነገርሁት።

«እሱ አሳዳጊው ነው፤ እኔ የምፈልገው ወላጁን ነው።»

የአያቴ የልጅ ልጅ መሆኔን በምን አወቀ ብዬ ደነገጥሁ።

ልጁ «ዲቫይስ ማናጀር» የሚባለውን ገጽ ከፈተና ቢጫ ምልክት የተለጠፈበትን መሣሪያ መረጠ፤ ከዝርዝሩ ውስጥ «ሃርድዌር አይዲ» የሚለውን ሲነካ ረጅም የቁጥርና የፊደል ሰንሰለት ወጣ። ለእኔ ትርጉም አልነበረውም፤ ለእሱ ግን የዘር ሐረግ ነው። የመጀመሪያዎቹ አራት ምልክቶች የአባት ስም ናቸው፤ ቺፑን የሠራውን ኩባንያ ይነግራሉ። ቀጥለው የሚመጡት አራቱ የልጁ የራሱ ስም ናቸው፤ ከኩባንያው ምርቶች የትኛው እንደሆነ ይለያሉ። ሦስተኛ ቁጥርም አለ፤ ካርዱን ገዝቶ በራሱ ምርት ውስጥ የገጠመውን ድርጅት ይመዘግባል። አሳዳጊው መዝገቡ ላይ አልተዘነጋም ማለት ነው፤ ተራው ግን ከወላጁ በኋላ ነው።

ከማዘርቦርዱ ጋር ለሚገጠሙ ካርዶች የአባት ስሞቹን የሚያድለው እ.ኤ.አ. በ1992 የተቋቋመ የኩባንያዎች ማኅበር ነው። አራት ምልክት ሲባል ጥቂት ይመስላል፤ ቁጥርና ፊደል ስለሚቀላቀል ግን 65,536 ስም ይወጣዋል። የኢንቴል መለያ 8086 ነው። ይህ በዕጣ የደረሰው አይደለም፤ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጣው ዝነኛ ፕሮሰሰር ስሙ 8086 ነበርና ያንኑ የቤት ስም አደረገው። ብሮድኮም 14ኢ4 ነው። ታይዋን ሺንቹ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1987 የተመሠረተውና ዓርማው ሸርጣን የሆነው ሪልቴክ ደግሞ ከማዘርቦርዱ ጋር ለሚገጠሙ ካርዶቹ 10ኢሲ፣ በዩኤስቢ ለሚሰኩት 0ቢዲኤ እያለ በሁለት ስም ይጠራል። አቴሮስ የሚባለውን ኩባንያ ክዋልኮም እ.ኤ.አ. በ2011 ገዝቶታል፤ ካርዶቹ ግን እስከዛሬ 168ሲ ነን ይላሉ። ቤቱ ተሸጧል፣ የአባት ስም አልተሸጠም።

ታዲያ ክዳኑ ላይ ያለው ስም ለምን አይበቃም? ላፕቶፕ ሻጮቹ የዋይፋይ ካርድ ራሳቸው ስለማይሠሩ ነው። ከሁለት ከሦስት አምራች ይገዛሉ፤ በዋጋም በአቅርቦትም የተሻለውን ይገጥማሉ። አንድ ዓይነት ስምና አንድ ዓይነት ቀለም ያላቸው ሁለት ላፕቶፖች አንዱ የኢንቴል፣ ሌላው የሪልቴክ ካርድ ይዘው ቢገኙ የሚገርም አይደለም። በዩኤስቢ የሚሰኩት ትንንሾቹማ የባሱ ናቸው፤ ሳጥኑም ስሙም ሳይለወጥ ውስጡ ያለው ቺፕ ይለወጣል፤ ልዩነቱን የሚናገረው በደቃቅ ፊደል የተጻፈ «ቪ2» ወይም «ቪ3» ብቻ ነው።

የአባቱ ስም ከተገኘ በኋላ ያለው ጣጣ ደግሞ ሌላ ነው። ድራይቨሩ ያለው ኢንተርኔት ላይ ነው፤ ኢንተርኔት የሚገኘው በድራይቨሩ ነው። የሞባይል ዳታ ባለበት ቀን ይህ ችግር አይባልም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት በቆየበት ጊዜ ግን ነገሩ ሌላ ነበር። ስልክ በእጁ የያዘ ሁሉ ዋይፋይ ያለበትን ቤት ፍለጋ ወጣ፤ ከዚያ በፊት ማንም ዞር ብሎ የማያየው የዋይፋይ ካርድ የክብር ዕቃ ሆነ። ያን ጊዜ ብዙ ሰው የተማረው ዘዴ ዛሬም ይሠራል፦ አንድሮይድ ስልኩን ከዋይፋዩ ጋር ማገናኘት፣ ስልኩን በቻርጀር ገመዱ ከላፕቶፑ ጋር ማያያዝ፣ ከዚያ «ዩኤስቢ ቴዘሪንግ» የሚለውን ማብራት። ዊንዶውስ ለዚህ የሚሆነውን ድራይቨር ብዙውን ጊዜ ከራሱ ጋር ይዞ ይመጣል። ገመድ አልባ ለመሆን መጀመሪያ ገመድ ያስፈልጋል ማለት ነው፤ ይህን ያሰበ ሰው ፈገግ ሳይል የቀረ አይመስለኝም።

ስልኩም ገመዱም የሌለው ወደ ባለሙያ ይሄዳል። አንዳንዶቹ በሃርድ ዲስክ ሙሉ የተጫነ፣ የማንንም ካርድ ድራይቨር አጭቆ የያዘ ጥቅል አላቸው። እሱን የከፈተ ሰው ድራይቨሩን ያገኝ ይሆናል፤ አብሮት ግን ያልጠራው ማስታወቂያና የማያውቀው ብሮውዘር ይገባል። የእኔው ባለሙያ ይህን አይወድም። እሱ ያለው ደብተር ነው። በስተግራ ቁጥሩን፣ በስተቀኝ የሠራውን ፋይል ስም ይጽፋል፤ ያልሠራውንም ጽፎ ይሰርዘዋል። ጉዳዬን ሳልጨርስ ሌላ ደንበኛ በስልክ ገባ፤ ደባርቅ ያለ መምህር ነው። ቁጥሩን ፊደል በፊደል እያነበበ ያስጽፈዋል። «ቢ እንደ ባሕር ዳር ነው ወይስ ዲ እንደ ደባርቅ?» ይላል ልጁ። ደብተሩን ገለጠ፣ ፋይሉን ፍላሽ ላይ ጫነ፣ ፍላሹንም ለሚኒባስ ሹፌር ሰጠው። በአየር ሊደርስ ይገባው የነበረው ጥቂት ሜጋባይት አምባ ጊዮርጊስንና ዳባትን አልፎ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል በአስፋልት ተጓዘ።

ተራዬን ስጠብቅ አያቴ ቢሆኑ አባት ላይ ያቆሙ ነበር ወይ ብዬ አሰብሁ። አያቆሙም። እኔም ወደ ላይ ቆጠርሁ።

በአባቱ በኩል የዋይፋይ ዘር የሚወጣው ከሱቅ ነው። ኤንሲአር የሚባለው የአሜሪካ የሒሳብ መመዝገቢያ ማሽን አምራች ደንበኞቹ መደብራቸውን አደራጅተው በለወጡ ቁጥር ገመድ እየነቀሉ መትከል አስመርሯቸው ስለነበር፣ ኔዘርላንድስ ኒውወኸይን ያሉ መሐንዲሶቹ ማሽኖቹን በሬዲዮ የሚያገናኝ ዘዴ ሠሩ። ከእነሱ አንዱ የነበረው ቪክ ሄይስ ደንቡን ያዘጋጀውን ኮሚቴ መራ፤ ደንቡም 802.11 ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1997 ወጣ። ዋይፋይ የሚለው መጠሪያ ከሁለት ዓመት በኋላ የመጣ የገበያ ስም ነው።

በእናቱ በኩል የሚወጣው ከሰማይ ነው። አውስትራሊያዊው ጆን ኦሱሊቫን ስቴፈን ሃውኪንግ ይፈነዳሉ ያላቸውን ጥቃቅን ጥቁር ጉድጓዶች በሬዲዮ ሞገድ ሲፈልግ ነበር። አላገኛቸውም። በኋላ በአገሩ የምርምር ተቋም ውስጥ ከባልደረቦቹ ጋር የቤት ውስጥ ሬዲዮን ችግር ሲይዝ ግን በዚያ ፍለጋ የተጠቀመበት የተዘበራረቀ ሞገድ ማጥሪያ ሒሳብ ጠቀመው፤ ሞገድ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ ሲመጣ ራሱን በራሱ ያደናግራልና። የአሜሪካ ፓተንቱን እ.ኤ.አ. በ1996 አገኙ። በጎንደር የድንጋይ ግንብ ቤት ውስጥ ኢንተርኔት የከፈተ ሰው ይህ ሒሳብ ለምን እንዳስፈለገ ማስረጃ አይጠይቅም።

ከፍ ሲሉ ደግሞ ሃዋይ ይደርሳሉ። የዚያው ዩኒቨርሲቲ መምህር ኖርማን አብራምሰን እ.ኤ.አ. በ1971 በባሕር የተለያዩ ደሴቶችን ኮምፒውተሮች በሬዲዮ አገናኘ። ሕጉ ቀላል ነበር፦ ላክ፤ «ደርሶኛል» የሚል መልስ ካልመጣ ጥቂት ጠብቀህ እንደገና ላክ። መሬቱን በተመለከተ ደግሞ፣ ርስት ያለ መሬት አይሆንምና፣ የዋይፋይ የመጀመሪያ ርስት 2.4 ጊጋኸርትዝ ነው። የማይክሮዌቭ ምድጃ የሚንጫጫበት ስለሆነ ማንም አልፈለገውም ነበር፤ የአሜሪካው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1985 ያለ ፈቃድ ማንም ለመገናኛ ይጠቀምበት አለ። ጠፍ መሬት ነው ዛሬ ዓለም የሚጣላበት።

ድራይቨሩ ተጫነ፣ ዋይፋዩም መጣ። የጎረቤቱ ሆቴል ግን ስልኬ ላይ እየታየ ላፕቶፔ ላይ አልታይ አለ። ልጁ ሳቀ። ይህ መሬት በቻናል የተከፋፈለ ነው፤ አሜሪካ የሚሠራው እስከ 11 ነው፣ እኛን ጨምሮ አብዛኛው ዓለም እስከ 13 ይሄዳል። የሆቴሉ ራውተር 13 ላይ ተቀምጧል፤ ካርዴ ደግሞ ለአሜሪካ የተስተካከለ ነው። ጎንደር ገብቶም ልቡ ዋሽንግተን ነው፤ ከዚያ የመጡ ዘመዶቼም እንዲሁ ናቸው። መፍትሔው ቀላል ነበር፤ የሆቴሉን ሰው ለምነን ራውተሩን 6 ላይ አስደረግነው።

«ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» ይላሉ፤ አያቴ ግን ከቆጠራ ሲመለሱ ደስ ብሏቸው አያውቅም። አንዱ ወራሽ ልጅነቱን ባስቆጠረ ቁጥር የሌላው ማሳ ይጠባል፤ ሐረጉን ያወቀ ሰው ወዳጅም ጠላትም ያፈራል። ድራይቨር ይህ ጣጣ የለበትም። ደባርቅ ያለው መምህር የወሰደው ፋይል ከማንም አልተቀነሰም፤ ያው ቁጥር ያለው ካርድ ሁሉ እኩል ይወርሳል። ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው፦ ላፕቶፓችሁን ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት ያንን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ድራይቨሩንም ፍላሽ ላይ አስቀምጡ፤ ሊሰርቀው የሚመጣ የለም።

ሒሳብ ስጠይቅ ልጁ ከተለመደው ቀነሰልኝ። በዕድሜዬ ምክንያት መስሎኝ ላመሰግነው ስል ደብተሩን አሳየኝ። የእኔ ካርድ ቁጥር ከዚያ በፊት ደጃፉን ረግጦ አያውቅም።