አስታማሚና ሐኪም

በአገራችን ሕመምተኛ ብቻውን ወደ ሐኪም ቤት አይሄድም። አስታማሚ ይከተለዋል፤ ስንቅ ያመላልሳል፣ መድኃኒት ይገዛል፣ ሌሊቱን ከአልጋው አጠገብ ያድራል። ሐኪምም እንዲህ ያለውን ዘመድ እንደ ረዳቱ ይቈጥረዋል፤ መድኃኒቱ በሰዓቱ መወሰዱን በቤት የሚጠብቅለት እርሱ ነውና።

ነገር ግን አስታማሚው አስተርጓሚም በሆነ ጊዜ ኀላፊነቱ ይበዛል። እናቴ ከትግርኛ በቀር ሌላ ቋንቋ አያውቁም። ሆዳቸውን ታመው «ከብደይ» ባሉ ጊዜ ሐኪሙ «ከበደኝ» ያሉ መሰላቸው፤ እኔም ቃሉ በትግርኛ «ሆዴ» ማለት መሆኑን አስረዳሁ። ታላቅ ወንድሜ ግን ለጥያቄው ሁሉ ራሱ ይመልስ ጀመር። ሐኪሙም የእርሱን አሳብ ኋላ እንደሚሰሙ፣ ለጊዜው የእናታችንን ቃል ብቻ እንዲተረጕም በትሕትና ነገሩት።

የቤተሰብ ሕክምና ልዩ ትምህርት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2005 ዓ.ም. ተጀምሯል። የሙያው መሠረት ሕመምተኛውን ከነቤተሰቡ ማወቅ ነው፤ ይህ ማለት ግን በሕመምተኛው ፈንታ ቤተሰቡን መስማት አይደለም።

ብዙ ዘመድ ክፉ ወሬ ከሕመምተኛው እንዲሸሸግ ሐኪሙን ይለምናል። ልመናው ከፍቅር የመጣ ነው፤ መርዶ በድንገት እንዳይነገር የምንጠነቀቅ ሰዎች ነንና። ሆኖም ሐኪሙ ውጤቱን ከመናገራቸው በፊት ማን አብሯቸው እንዲሰማ እንደሚወዱ እናቴን ጠየቁ። እናቴም ከሁላችን መርጠው ታናሽ እኅቴን ጠሩ፤ እኛ ወንዶቹ በደጅ ቈየን።

እንግዲህ አስታማሚ የሆነ ሁሉ ወደ ሐኪም ከመግባቱ አስቀድሞ ምን እንዲነገርለት፣ ምንስ እንዲቀርለት እንደሚወድ ሕመምተኛውን ይጠይቅ።