በቲኬቱ ላይ ያለችው ትንሽ መስቀል

አንባቢ ሆይ፤ ለትምህርት ወይም ለመሥሪያ ቤት ጉዳይ እንግሊዝ አገር ሄደው ካምብሪጅ ከተማ ተቀመጡ እንበል። የዕረፍት ቀን ደረሰና ባዝ የምትባለውን ከተማ ለማየት አሰቡ። ይህ አሳብ ለኢትዮጵያዊ እንግዳ አይደለም። ቀዳማዊ አፄ ኃይለ ሥላሴ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1936 እስከ 1940 በስደት የተቀመጡበት ፌርፊልድ ሀውስ የሚባለው ቤት በዚያ ይገኛል፤ በ1958ም ቤቱን ለከተማይቱ በስጦታ ሰጥተውታል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።)

እንግዲህ ከቲኬቱ መስኮት ቀርበው «ከካምብሪጅ እስከ ባዝ» ብለው ቲኬት ቆረጡ። ነገር ግን ባቡሩ በቀጥታ ባዝ አያደርስዎትም። ሎንዶን ሲደርስ ኪንግስ ክሮስ በሚባለው ጣቢያ ያወርድዎታል፤ ወደ ባዝ የሚሄደው ባቡር ደግሞ የሚነሣው ፓዲንግተን ከሚባለው ሌላ ጣቢያ ነው። በሁለቱ መካከል ሻንጣ ይዞ በእግር ለመሄድ የሚያደክም የከተማ መንገድ አለ። በለገሃር ተሳፍሮ በለገሃር መውረድን የለመደ ሰው እዚህ ላይ ግራ ይጋባል። ሳንቲሙን ቆጥሮ ለወጣ ተማሪማ ነገሩ ከግርታም ያልፋል፤ «ይህን የመካከሉን መንገድ የሚከፍለው ማን ነው?» ብሎ ይጨነቃል።

መልሱ በእጅዎ በያዙት ቲኬት ላይ ተጽፏል። የጉዞው መሥመር ከተገለጸበት ቃል አጠገብ አንዲት ትንሽ ምልክት ይመልከቱ። ክንዶችዋ ወደ ዳር ሰፋ ሰፋ ያሉ፣ የማልታ መስቀል የምትባል መስቀል ናት። እርስዋ ካለች ሎንዶንን በምድር ውስጥ ባቡር ለመሻገር የሚያስፈልገው ዋጋ አስቀድሞ ተከፍሏል ማለት ነው። ከሌለች ግን ከኪሳችሁ ልታወጡ ነው።

ለመሆኑ ሎንዶን ስለ ምን አንድ ታላቅ ጣቢያ ሳይኖራት ቀረ? ነገሩ የቆየ ነው። የባቡር ኩባንያዎች ሁሉ ሐዲዳቸውን እስከ ከተማይቱ እምብርት ለማስገባት በተሽቀዳደሙበት ዘመን፣ በ1846 የተቋቋመ የመንግሥት መርማሪ ጉባኤ ጉዳዩን መርምሮ ሐዲድ ወደ መካከለኛው ከተማ እንዳይገባ አሳሰበ። ስለዚህ ኩባንያዎቹ ጣቢያዎቻቸውን በዳር በዳሩ ሠሩ። ዩስተን ቀድሞ በ1837 ተከፍቶ ነበር፤ ኪንግስ ክሮስ በ1852፣ ዛሬ የምናየው ፓዲንግተን በ1854፣ ሴንት ፓንክራስ በ1868 ተከፈቱ። ከሩቅ አገር የመጣ መንገደኛም በአንዱ ዳር ወርዶ ወደ ሌላው ዳር ለመድረስ ጋሪና ፈረስ በተጨናነቀበት ጎዳና መጋፋት ግድ ሆነበት።

ለዚህ ችግር መፍትሔ ሲፈልግ የኖረ ቻርልስ ፒርሰን የሚባል የከተማው የሕግ ባለሙያ ነበር። ባቡሩ ከመሬት በታች ይሂድ ብሎ ለብዙ ዓመት ተከራከረ። በመጨረሻ መንገዱ ተቆፍሮ ሐዲዱ ተነጠፈና ከላይ ተከደነ፤ ጥር 10 ቀን 1863 ከፓዲንግተን እስከ ፋሪንግደን ያለው መሥመር ለሕዝብ ተከፈተ። በመጀመሪያው ቀን 38,000 ያህል ሰው ተሳፈረበት ይባላል። ሠረገላዎቹን የሚጎትተው የእንፋሎት ባቡር ስለ ነበረ ጭሱ መንገደኛውን ያስለው ነበር። ፒርሰን ግን ይህን ቀን ሳያይ በ1862 ሞቷል። በዓለም የመጀመሪያው የምድር ውስጥ የመንገደኞች ባቡር ይህ ነው፤ ከኪንግስ ክሮስ ወደ ፓዲንግተን የሚሻገር ሰው ዛሬም የሚሄደው በዚሁ በጥንቱ መሥመር ላይ ነው።

አሁን ወደ ደንቡ እንመለስ።

አንደኛ፤ መስቀልዋ የምትፈቅድልዎ አንድ መሻገር ብቻ ነው። ደርሶ መልስ ከቆረጡ ሲሄዱ አንድ ጊዜ፣ ሲመለሱ አንድ ጊዜ ማለት ነው። በምድር ውስጥ ባቡርና በኤልሳቤጥ መሥመር ታገለግላለች፤ በአውቶቡስና በታክሲ ግን አታገለግልም። ከተማውን ቀኑን ሙሉ ለመዞር የሚፈልግ ሰው መግዛት ያለበት ትራቭልካርድ የሚባለውን ሌላ ዓይነት ቲኬት ነው።

ሁለተኛ፤ የመድረሻውን ስም በጥንቃቄ ያንብቡ። «ሎንዶን ተርሚናልስ» የሚል ቲኬት ከታላላቆቹ ጣቢያዎች ያደርሳል እንጂ ከዚያ ወዲያ አያሻግርም። አንዳንድ ሰው ዋጋ ለመቀነስ ሲል ከካምብሪጅ እስከ ሎንዶን አንድ፣ ከሎንዶን እስከ ባዝ ሌላ ቲኬት ይቆርጣል። አንዳንድ ጊዜ በእርግጥ ይረክሳል፤ ነገር ግን የምድር ውስጡ መንገድ በሁለቱም ውስጥ ስለማይገባ ለብቻው ይከፈላል። ይህን ሳይደምሩ መግዛት የቆጡን አወርድ ብላ የብብትዋን ጣለች እንደ ተባለው ነው።

ሦስተኛ፤ ኪንግስ ክሮስ ሲደርሱ ሰው ሁሉ የባንክ ካርዱን በበሩ መቆጣጠሪያ ላይ ሲያስነካ ያያሉ። እርስዎ ግን አይቅዱት፤ ካስነኩ የከፈሉበትን መንገድ ሁለተኛ ሊከፍሉ ነው። የወረቀት ቲኬትዎን በበሩ ቀዳዳ ያስገቡ፤ በሌላው በኩል ብቅ ሲል መልሰው መያዝ አይርሱ፤ እስከ ባዝ ያስፈልግዎታልና። በሩ አልከፈት ካለም አይደንግጡ፤ በአጠገቡ ለቆመው ሠራተኛ ቲኬቱንና መስቀልዋን ያሳዩት። ቲኬትዎ በስልክ የሚላክ ከሆነ ከተማውን በምን እንደሚሻገሩበት ሲገዙ አስቀድመው ይጠይቁ።

አራተኛ፤ በመንገድ የሚገጥም ፈተና አለ። በኪንግስ ክሮስና በፓዲንግተን መካከል ቤከር ስትሪት የሚባለው ጣቢያ ይገኛል፤ በላዩ የሼርሎክ ሆምስ ወዳጆች የሚጎርፉበት ጎዳና፣ በአጠገቡም የታወቀው የማዳም ቱሶ የሰም ምስሎች ቤት አለ። «ጥቂት አየት አድርጌ ልመለስ» ብለው ከበሩ ከወጡ ግን የመሻገሪያው መብት በዚያው አለቀ፤ የቀረውን መንገድ በራስዎ ገንዘብ ይሄዳሉ። ታሪክ የሚወዱ ከሆነ ግን ከበሩ ሳይወጡ ከባቡሩ ብቻ ይውረዱ። ከ1863 ጀምሮ የቆመው የጡብ ግንብና ብርሃን የሚገባበት መስኮት በመሳፈሪያው ላይ አለ። አይተው በሚቀጥለው ባቡር ይሳፈሩ፤ ይህ ምንም አያስከፍልዎትም።

አምስተኛ፤ ሎንዶን ላይ ምሳ መብላት ቢፈልጉ እንደ ቲኬቱ ዓይነት ነው። በማንኛውም ባቡር የሚያገለግለው ቲኬት፣ እንዲሁም ሕዝብ በማይበዛበት ሰዓት የሚያገለግለው፣ የተለየ ክልከላ ከሌለበት በቀር በታላላቆቹ ጣቢያዎች ወጥቶ መቆየትን ይፈቅዳል። አድቫንስ የሚሉት ርካሹ ቲኬት ግን በተወሰነ ባቡር ብቻ ስለሚያገለግል ጉዞ ማቋረጥን አይፈቅድም። ከካምብሪጅ የተነሡበት ባቡር ዘግይቶ የባዙ ባቡር ቢያመልጥዎ ግን ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፤ ሠራተኛውን አነጋግረው በሚቀጥለው ባቡር የመሄድ መብት አለዎት። በገዛ ፈቃድዎ ሲንሸራሸሩ ካመለጠዎት ግን ይህ መብት የለም። ያለ ትክክለኛ ቲኬት መገኘትም ቀላል አይደለም፤ በእንግሊዝ የምድር ባቡር ከጥር 2023 ጀምሮ የተወሰነው የቅጣት ክፍያ ከጉዞው ዋጋ ሌላ 100 ፓውንድ ነው።

ለመንግሥት ሠራተኛ ደግሞ አንድ ምክር ልጨምር። የመጨረሻው ጣቢያ በር ቲኬቱን ውጦ ሊያስቀረው ይችላል። የጉዞ ሒሳብ ለሚያወራርድ ሰው ይህ ትልቅ ጣጣ ነው። ስለዚህ ቲኬቱን ሲቆርጡ ደረሰኝ ተቀብለው በኪስዎ ያኑሩ።

እንግዲህ ከፓዲንግተን ተነሥተው ሰዓት ተኩል ያህል ከተጓዙ በኋላ ባዝ ደረሱ። በኪስዎ ለምሳ ያሰቡት ገንዘብ እንዳለ ነው። ያዳነልዎትም ዕድል ወይም የሠራተኛ ቸርነት አይደለም፤ አስቀድመው የከፈሉበትን መብት አንብበው ማወቅዎ ነው። ቲኬት በሰውና በምድር ባቡሩ መካከል የተጻፈ ውል ነው። ውሉን የማያነብ ሰው የራሱ የሆነውን ነገር ሁለተኛ ይገዛል፤ የሚያነብ ግን በባዕድ አገርም ቢሆን በበሩ ፊት ሳይሸማቀቅ ይቆማል።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፤ ቲኬትዎን ከመስኮቱ ሲቀበሉ ወዲያው ወደ ኪስዎ አይክተቱት። ዘወር ብለው በብርሃን ይዩት፤ መስቀልዋን ይፈልጉ፤ ካላገኙዋት ከመስኮቱ ሳይርቁ ይጠይቁ። መልካም መንገድ!