ከዲግሪው በኋላ



ልጃችሁ ዲግሪዋን ይዛ ቤት ስትገባ መጀመሪያ የምትጠይቋት ምንድን ነው? እኔ የጠየቅኳትን ላጫውታችሁ። ልጄ በ1999 ዓ.ም. ከተቋቋመው የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ በነርሲንግ ተመርቃ፣ የመውጫ ፈተናውንም የሙያ ፈቃድ ፈተናውንም አልፋ፣ የደስታው ቡና ገና ሳይፈላ «ማስተርሱን መቼ ትጀምሪያለሽ?» አልኳት። እሷም አንገቷን ደፋ አድርጋ «አባ፣ መጀመሪያ ልሥራ» አለችኝ።

ቅር አለኝ። ምክንያቱን አልደብቃችሁም። እኔ ከመድረሳው ትምህርት ጎን ለጎን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ «አንድ ዓመት ላስተምርና እቀጥላለሁ» ያልኩ ሰው ነኝ። ያ አንድ ዓመት ይኸው ከሃያ አምስት በለጠ። ደመወዝ መጣ፣ ትዳር መጣ፣ ልጆች መጡ፤ ደብተሩ እንደተዘጋ ቀረ። ልጄም በዚያው መንገድ የምትሄድ መሰለኝ።

ጥቂት ቀን አኮረፍኩ። ባለቤቴ ግን «ኢስቲኻራህን ስገድ፤ ከዚያም ልጅቷን ስማት። ሳትሰማት አትፍረድባት» አለችኝ። ሰማኋት።

«አባ፣ የነርሲንግ ማስተርስ አንድ ዓይነት አይደለም። የአዋቂዎች ጤና አለ፣ የሕፃናት አለ፣ የድንገተኛና የጽኑ ሕሙማን አለ። በልምምድ ጊዜ በየክፍሉ የቆየሁት ጥቂት ሳምንት ነው፤ የቱ እንደሚሆነኝ በምን አውቃለሁ?» አለች። ቀጥላም የአንዲት እናትን ነገር አነሳች።

በአገራችን «ዝሆኔ» የሚባለውን የእግር እብጠት ታውቁታላችሁ። በወላይታ የሚበዛው በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣው ነው፤ ከሃያ ዓመት በፊት በተደረገ ጥናት በዞኑ ከመቶ ሰው አምስት ያህሉ ተይዞ ተገኝቷል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ እርግማንም አይደለም። ሕክምናው እግሩን በየቀኑ በሳሙናና በመድኃኒት ማጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ ማሰርና ጫማ ማድረግ ነው። «መጽሐፉ ላይ ጥቂት መስመር ነው» አለች ልጄ፤ «እኚያ እናት ግን እግራቸውን እንዳላይባቸው በነጠላቸው ሸፈኑት። ነጠላውን እንዲያነሱልኝ ማድረግን ማንም ክፍል ውስጥ አላስተማረኝም።»

አፈርኩ። በኸንደቅ ዘመቻ ሰዕድ ኢብን ሙዓዝ በቆሰሉ ጊዜ ያስተኟቸው በሩፈይዳ ድንኳን እንደነበር ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ አስተምሬያለሁ! የቤቴን ነርስ ግን አላዳመጥኳትም።

ያም ሆኖ ፍርሃቴ መሠረት የለሽ አልነበረም፤ እሱንም ነገርኳት። ከዚያ ቁጭ ብለን አሰላን። ማስተርሱ ሁለት ዓመት ነው፤ መግቢያ ፈተናም አለው። በራሷ ከገባች ወጪው የእኛ ነው፤ ተቀጥራ መሥሪያ ቤቷ ቢልካት ግን ሸክሙ ይቀልላል፤ መልሳ የማገልገል ግዴታ ቢኖርባትም። በሌላ በኩል ሥራው በር ላይ ቆሞ አይጠብቅም፤ ዛሬ የጤና ተመራቂ ሁሉ እንደወጣ አይመደብም። በመጨረሻ ተስማማን፦ ሁለት ዓመት ትሥራ፤ ቀኑ ግን ይጻፍ። እሷው በእጇ ጽፋ ከሶላት ሰዓት መቁጠሪያው አጠገብ ግድግዳ ላይ ለጠፈችው።

ስምንት ወር ያለ ሥራ ተቀመጠች። በእነዚያ ወራት «ብዬ ነበር» ማለት ስንት ጊዜ ምላሴ ጫፍ ላይ እንደደረሰ አላህ ያውቃል። በኋላ በሁምቦ ወረዳ ጤና ጣቢያ ገባች። ቆላው ወባ አለበት፤ ከዝናቡ በኋላ እናቶች ትኩሳት ያቃጠላቸውን ሕፃናት አዝለው ይመጣሉ። ከጥቂት ወራት የሌሊት ተራ በኋላ ለዒድ መጥታ «አባ፣ የሕፃናቱን ነው የምማረው» አለችኝ። ስትመረቅ ግን የአዋቂዎችን ታስብ ነበር።

ወረቀቱ ዛሬም ግድግዳው ላይ አለ፤ ቀኑ ሊደርስ አምስት ወር ቀርቶታል። ማታ ማታ ለመግቢያ ፈተናው እንደምታነብ በስልክ ትነግረኛለች። ትግባ አትግባ አላህ ያውቃል።

ውድ ወላጆች! ልጃችሁ «ልሥራ» ቢላችሁ ከሥራው ምን ሊማር እንዳሰበ ጠይቁት፤ «ልማር» ቢላችሁም ለየትኛው ሕመምተኛ ሊማር እንደፈለገ ጠይቁት። መልስ ካለው እርዱት፤ ቀኑንም በራሱ እጅ ያጽፉት። እኔን የጎዳኝ ሥራ መጀመሬ አልነበረም፤ የምመለስበትን ቀን አለመጻፌ ነበር።

አላህ ኸይሩን ይምረጥልን። ወሰላሙ ዓለይኩም!