ንፋስ በሻንጣ

ወንድሜ ከአሜሪካ ዕቃ ላኪልኝ ብሎ አያውቅም። ስልኩም ጫማውም ከመርካቶ ነው። ባለፈው ዓመት ለፋሲካ እንደምመጣ ሲሰማ ግን እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፦ «እታለም፣ ደህና የጎማ ንፋስ መሙያ ያዥልኝ። የሲጋራ መለኮሻው ላይ የሚሰካው ግን አይሆንም።»

ሥራው እንግዶችን በላንድ ክሩዘር ማዞር ነው። በአዋሽ፣ በሚሌና በሰመራ አድርጎ ወደ አፍዴራና ኤርታ አሌ ይወርዳል። መሙያውን ለምን እንደፈለገው የነገረኝ ቆይቶ ነው። አሸዋውን ለማለፍ የአራቱንም ጎማ ንፋስ ቀንሶ፣ ካለፈ በኋላ መልሶ ሊሞላ ሲል ትንሿ መሙያ የመለኮሻውን ፊውዝ አቃጠለችበት። አራት ፈረንጆች፣ አንዲት ጃንጥላ፣ ግማሽ ጀሪካን ውኃ። ጨው የጫነ መኪና እስኪያልፍ አምስት ሰዓት ጠበቁ። ይህን ለእናታችን እንዳልነግር አስምሎኛል፤ እሷ ደግሞ እንዲህ ያለ ጽሑፍ አታነብም።

አሸዋ ላይ ጎማ ማስተንፈስ ለማያውቀው ሰው እብደት ይመስላል። በ40 ፒኤስአይ የተወጠረ ጎማ አሸዋውን እየቆረጠ ይሰምጣል። ወደ 18 ሲወርድ ግን እንደ ግመል እግር ተዘርግቶ በሰፊው ይረግጣል። ማስተንፈሱ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የቫልቩን ጫፍ በስንጥር መጫን ይበቃል። ጣጣው ሲመለሱ ነው። በዚያው ንፋስ አስፋልት ላይ ቢፈጥኑ የጎማው ጎን እየታጠፈና እየተዘረጋ ይግላል፣ በመጨረሻም ይተረተራል። ስለዚህ ሾፌሩ አሸዋው ላይ የለቀቀውን ንፋስ አስፋልቱ ጋ ሲደርስ ከአንድ ቦታ መልሶ ማግኘት አለበት።

ከተማ ውስጥ ችግር የለም። መንገድ ዳር አሮጌ ጎማ ቆሞ ካያችሁ እዚያ ጎሚስታ አለ። (ጎማውንም ጎሚስታውንም የሰየመልን ጣሊያን ነው፤ ክሪኩንም እንዲሁ።) በጂቡቲ መስመርም መላ አይጠፋም። የሲኖ ትራክ ሾፌር ይለመንና ከፍሬኑ የንፋስ ጋን በቱቦ ይሞላል፤ ጋኑ 8 ባር ገደማ፣ ማለትም ከ110 ፒኤስአይ በላይ ይይዛል። ወንድሜ ዓመታት የሠራው በዚህ ነው፣ ክፍያውም ሰላምታ ነው። ወደ ኤርታ አሌ ከተገነጠሉ በኋላ ግን ከባድ መኪና ማየት ዕድል ነው።

እኔ የምኖረው ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ፣ ከክሊቭላንድ አቬኑ ትንሽ ገባ ብሎ ነው። መንገዱ ከመሃል ከተማ ተነስቶ በሊንደን አድርጎ ወደ ሰሜን፣ እስከ ዌስተርቪል ይዘልቃል። ወደ ሞርስ ሮድ ሲቃረብ የሐበሻ ምግብ ቤቱ፣ የሶማሌ ሱቁ፣ ገንዘብ መላኪያውና ያገለገለ ጎማ መሸጫው ጎን ለጎን ይሆናሉ። ከጎማ ቤቶቹ በአንዱ የሚሠሩ አንድ ትልቅ ሰው አሉ፤ በወጣትነታቸው ኮምቦልቻ ጎሚስታ ነበሩ። ሦስት ሌሊት ሙሉ ስለ ንፋስ መሙያ ሳነብ አድሬ፣ ምርጫዬን በወረቀት ጽፌ ሄድኩባቸው።

«ጋሼ፣ ይኼኛው 150 ፒኤስአይ ይላል። ይሻላል?»

«የኔ እናት፣ እሱን ቁጥር ተይው። ወንድምሽ የሚፈልገው 40 ነው። 100ማ የብስክሌት ፓምፕም ይደርሳል። በደቂቃ ስንት ሊትር ያወጣል ብለሽ ጠይቂ።»

ሻጮች በትልቁ የሚጽፉት ግፊቱን ነው፤ የሚወጣውን የአየር መጠን ፈልጎ ለማግኘት መነጽር ያስፈልጋል። ቤት ገብቼ አሰላሁት። የወንድሜ መኪና ጎማ 7.50 በ16 ነው፤ ውስጡ 60 ሊትር ገደማ ይሆናል። ከ18 ወደ 40 ለማድረስ 90 ሊትር ያህል የውጭ አየር መግባት አለበት። የእግር ፓምፕ ቢሆን ለአንዱ ጎማ ብቻ ከ200 ጊዜ በላይ መርገጥ ነው። መለኮሻው ላይ የሚሰካው በደቂቃ 10 ወይም 15 ሊትር ቢሰጥ ነው፤ ለአራቱ ጎማ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። የመለኮሻው ፊውዝ ብዙ ጊዜ 15 አምፔር ነው። በ12 ቮልት 180 ዋት ማለት ስለሆነ፣ ከዚያ ቀዳዳ የበለጠ ጉልበት መጠበቅ ከንቱ ነው። ኮፈን ተከፍቶ ባትሪው ላይ በሁለት መቆንጠጫ የሚያዘው ግን እስከ 30 አምፔር ይስባል፣ በደቂቃም 40 ሊትር ገደማ ይሰጣል።

ጋሼ ጋ የሚመጡ ጂፕ ያላቸው ልጆች ሌላ ሃይማኖት አላቸው። ሚሺጋን ወርደው ሲልቨር ሌክ አሸዋ ላይ ይጫወታሉ፣ የሚምሉትም በካርቦን ዳይኦክሳይድ ጠርሙስ ነው። እውነታቸውን ነው። 10 ፓውንድ ጋዝ በስሌት እንዲህ ያለውን ጎማ ከ25 በላይ ይሞላል፤ ሽቦ የለው፣ ጩኸት የለው፣ ማረፍ የለው። አንድ ሳምንት ልቤ እዚያ ነበር። ይሁን እንጂ ይህ ጋዝ በ21 ዲግሪ ፈሳሽ ሆኖ 850 ፒኤስአይ ገደማ ይገፋል። ከ31 ዲግሪ ሲያልፍ ፈሳሽነቱ ይቀርና ግፊቱ ሽቅብ ይወጣል። ዳሎል ላይ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 የተለካው የዓመት አማካይ ሙቀት ደግሞ 34.6 ዲግሪ ነው፤ ሌሊቱም ተጨምሮ። በዚያ ፀሐይ በቆመ መኪና ውስጥ ጠርሙሱን ከእንግዶቹ ጀርባ ማስቀመጥ አልታየኝም። ሲያልቅስ አፍዴራ ማን ይሞላዋል? የአሜሪካ ኤርፖርት ፍተሻም የሚያሳልፈው ባዶውን፣ ቫልቩ ተፈትቶ ውስጡ ሲታይ ብቻ ነው። በሊትየም ባትሪ የሚሠሩትን ትንንሾቹንም ተውኳቸው። ለክሊቭላንድ አቬኑ ክረምት ግሩም ናቸው፤ እኔም አንድ አለኝ። በ45 ዲግሪ መኪና ውስጥ የሚከርም ባትሪ ግን አይታመንም።

ጋሼ የጠየቁኝ ሌላው ነገር የመኪናውን ቮልት ነው። እዚያው ቆመን ለወንድሜ ደወልን፤ 12 ነው አለ። አይሱዙ ቢሆን ኖሮ 24 ስለሆነ መሙያውን ማቃጠል ነበር። ቀጥለው ስለ ቱቦው ርዝመት አነሱ። አሮጌ ላንድ ክሩዘሮች ቸርኬያቸው ባለ ቀለበት ነው፤ በደንብ ካልገጠመ ንፋስ ሲሞላ ቀለበቱ እንደ ጥይት ይዘላል። ኮምቦልቻ ሳሉ የአንድ ባልደረባቸውን መንጋጋ ሲሰብር አይተዋል። ቱቦው ረጅም፣ አፉም ቫልቩን ራሱ ነክሶ የሚይዝ ከሆነ ሰው ራቅ ብሎ መቆም ይችላል።

ከፍታም ነገሩን ይለውጠዋል። የባሌው ሳነቴ ላይ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ፣ አየሩ ስለሚሳሳ ያው መሙያ የሚሰጠው ንፋስ በአንድ ሦስተኛ ያህል ይቀንሳል። ወደ አፍዴራ ሲወርዱ ግን ይበረታል። አዲስ አበባ 40 የተሞላ ጎማ ከባሕር ጠለል በታች ሲደርስ ከፍታው 3.5 ገደማ ይቀንስበታል፣ ሙቀቱ ደግሞ 5 ያህል ይጨምርለታል። ወንድሜ ይህን ሳይማር ያውቀዋል፤ «እዚያ ታች ጎማ አይታመንም፣ መለካት ነው» ይላል።

ባትሪ ላይ የሚያዘውን ገዛሁ፤ አካሉ ብረት፣ ማያያዣዎቹ ነሐስ፣ በብሎን የሚፈታ። 15 ደቂቃ ሠርቶ 30 ደቂቃ ማረፍ ይፈልጋል። በብሎን የሚፈታውን የመረጥኩት ሰመራ ያለ ጎሚስታ እንዲከፍተው ነው። ተጣብቆ የተዘጋው ቆንጆ ነበር፣ ዋጋውም ይረክስ ነበር። ጋሼ ፊውዞች በላስቲክ ቋጥረው ሰጡኝ፤ «ቀድማ የምትሞተው ይቺ ናት» ብለው። ገንዘብ አልተቀበሉኝም። 23 ኪሎ ከሚፈቀደው ሻንጣዬ ውስጥ ለእህቶቼ የያዝኩት ሻምፑ ወጣ፤ ለዚህ እስካሁን እታማለሁ።

በግንቦት ከአፍዴራ መልእክት መጣ። አራቱን ጎማ በ12 ደቂቃ ሞልቷል። አብረውት የነበሩ ሁለት መኪናዎችም ተራ ይዘው፣ መሙያው ግሎ ራሱን ሲያጠፋ ሻይ አፍልተው ጠብቀዋል። «ሾፌሮቹ ስንት ነው እያሉኝ ነው፤ ምን ልበላቸው?» ይላል። 180 ዶላር ነው። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ዶላሩ የሚመነዘርበትን ስለማውቅ፣ በብር ስንት እንደሚሆን እስካሁን አልጻፍኩለትም።