በራስ ተፈሪ ቤት የአሚሮች ሳንቲም

ሐረር ውስጥ ከፈረስ መጋላ ተነስተው፣ ልብስ ሰፊዎች መኪናቸውን ደጅ አውጥተው በሚሰፉበት በመኪና ግርግር መንገድ ሲያልፉ፣ የራስ ተፈሪ ቤት በላይ በኩል ይታያል። የህንድ እጅ ያረፈበት፣ ፊቱ በተቀረጸ እንጨት ያጌጠ ባለ ፎቅ ቤት ነው። ተፈሪ መኮንን ከወይዘሮ መነን ጋር የጫጉላ ጊዜያቸውን እዚህ እንዳሳለፉ ይነገራል። እኔ ሐረር ሳድግ ቤቱ ሙዚየም አልነበረም። ቤተሰቦች ተጠጋግተው ይኖሩበት ነበር፤ እኛ ልጆች ሽቅብ እያየነው እናልፋለን እንጂ ደረጃውን የመውጣት ምክንያት አልነበረንም። ከስንት ዘመን በኋላ ከቶሮንቶ ስመለስ በሩ ላይ ትኬት ይቆረጣል፤ ውስጡን የሞላው የአቶ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ ስብስብ ነው።

ጌጣጌጡ፣ የጦር መሣሪያው፣ የሙሽራ ቀሚሱ ሁሉ ያምራል። እኔን ግን ያስቆመኝ ሳንቲሙ ነው። ስስ፣ ጠርዙ ያልተስተካከለ፣ ከትንሿ ጣቴ ጥፍር እምብዛም የማይበልጥ፤ በላዩ ላይ የዓረብኛ ጽሕፈት አለ። የሐረር አሚሮች በዚህች በግንብ በታጠረች ከተማ የራሳቸውን ገንዘብ ይመቱ ነበር። በ1879 ዓ.ም. አሚር አብዱላሂ ጨለንቆ ላይ በምኒልክ ጦር ድል ሆኑ፤ ከተማዋን ምኒልክ ይዘው አስተዳደሯን ለመኮንን፣ ለኋላው ራስ መኮንን፣ ሰጡ። በአሸናፊዎቹ ሹም በመኮንን ልጅ ስም በሚጠራው ቤት ዛሬ የተሸናፊዎቹ ገንዘብ መስታወት ውስጥ በክብር ተቀምጧል። እኛ በተማርንበት ክፍል የሐረር ታሪክ የሚጀምረው ከራስ መኮንን ነበር። ከዚያ በፊት እዚህ መንግሥት፣ ገንዘብ፣ የመጻሕፍት ጥበብ እንደነበረ የነገረን መምህር አላስታውስም። እዚያ መስታወት ፊት ቆሜ የተሰማኝ ደስታና ቁጭት አንድ ላይ ነው።

አቶ አብዱላሂ ይህን ስብስብ የጀመሩት በ1983 ዓ.ም. ገደማ፣ በመኖሪያ ቤታቸው ነው። በችግር ዘመን ብዙ ቤተሰብ ከእናት ከአያት የወረሰውን ብሩን፣ ስፌቱን፣ መጽሐፉን አውጥቶ ሲሸጥ፣ ዕቃው ከከተማዋ እየወጣ የማይመለስበት አገር ይገባ ነበር። እሳቸው የራሳቸውን ገንዘብ እያወጡ ገዙ፣ ለመኑ፣ ሰበሰቡ። ሰውም ዓላማቸውን ሲረዳ ሳጥኑን ከፍቶ በነጻ ይሰጣቸው ጀመር። ለእኔ ከሙዚየሙ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፤ ጎረቤት ጎረቤቱን አምኖ የቤቱን ምስጢር አሳልፎ መስጠቱ። በበጀትና በመመሪያ ይህን ማግኘት አይቻልም።

መጻሕፍቱ የሚጠገኑበት ክፍል ውስጥ አንዲት ወጣት አጎንብሳ ትሠራለች። ፊቷ የተዘረጋው አሮጌ የቁርዓን ቅጠል ነው፤ ምስጥ የበላውን ቀዳዳ በስስ ወረቀት እየሞላች፣ በትንሽ ብሩሽ ሙጫ እየቀባች፣ ትንፋሿን ጭምር ትቆጣጠራለች። አጠገቧ ለአዲስ ጥራዝ የተዘጋጀ ቆዳ አለ። የሐረር መጽሐፍ ጥራዝ ከኋላ ታጥፎ የሚከድን ክንፍ አለው፤ ጌጡም ቆዳው ላይ በመምቻ እየተመታ ይወጣል። ሞያው ሊጠፋ ጥቂት ቀርቶት እዚሁ ቤት ነው ያንሰራራው። ስታየኝ መጓጓቴ ገባት መሰለኝ፣ «እትዬ፣ ይቺን ይዩልኝ» ብላ አንዱን ቅጠል አንስታ ከመስኮቱ ብርሃን ጋር አገናኘችው። ከጽሕፈቱ በስተጀርባ፣ ወረቀቱ ውስጥ፣ ከትልቅ ወደ ትንሽ የተሰለፉ ሦስት ጨረቃዎች ብቅ አሉ። በቬኒስና በአካባቢዋ የወረቀት ሠሪዎች ምልክት ነው። ለእስላሙ ዓለም ገበያ ተሠርቶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ከጠረፍ በግመል ቅፍለት ሐረር የደረሰ ወረቀት ላይ አንድ የከተማው ጸሐፊ ተቀምጦ ገልብጧል። ከዓለም ተቆርጣ የኖረች እየተባለ የሚወራላት ከተማ ይህቺው ናት።

ከራስ ተፈሪ ቤት ራምቦ ቤት ቅርብ ነው። ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ ነጋዴ ሆኖ ከ1880 እስከ 1891 እ.ኤ.አ. ድረስ እየተመላለሰ ሐረር ኖሯል፤ ይህ ባለ ቀለም መስታወት ፎቅ ግን እሱ ከሞተ በኋላ ህንዳዊ ነጋዴ ያሠራው ነው። ፈረንጅ ስለ ገጣሚው ይመጣል። እኔ የቆየሁት የድሮ ሐረር ፎቶግራፎች ፊት ነው፤ ገበያው፣ ግንቡ፣ በሮቹ፣ ስማቸው ያልተጻፈ ሴቶች።

የሐረሪ ቤት እንዴት እንደነበር ማየት የሚፈልግ ኤረር በር አጠገብ ያለው የባህል ማዕከል ይሂድ። ከፍ ዝቅ ያሉት መደቦች፣ ነደባ የሚሏቸው፣ ማን የት እንደሚቀመጥ ይወስናሉ፤ ግድግዳው በስፌት ተሸፍኗል፤ ከበሩ በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ካለ በቤቱ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው። እዚያ ስቆም በግንብ በታጠረው ጀጎል ውስጥ የነበረች የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ቤት ትዝ አለኝ። እናቷ ከወተት ጋር የፈላ፣ ሆጃ የሚባል መጠጥ እያቀረቡ «ልጆቼ፣ ጠጡ እንጂ» ይሉን ነበር፤ እኔ ከግንብ ውጪ ያደግሁት የአማራ ልጅ የት መቀመጥ እንዳለብኝ በዓይናቸው ያሳዩኝ ነበር። ያ ቤተሰብ ዛሬ ካናዳ ነው። ቤታቸው ግን ሰው ይኖርበታል፤ ደጁ ላይ ቢጫ ጀሪካን ተደርድሯል።

ጀጎል በ2006 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ «ከተማዋ ራሷ ሙዚየም ናት» የሚል አባባል ከአስጎብኚውም ከእንግዳውም አፍ አይጠፋም። አልወደድኩትም። የከተማዋ ውሃ ምንጭ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ ሲደርቅ ይህ ሕዝብ ውሃ ሲጠብቅ አድሯል። ሙዚየም ውስጥ ሰው ውሃ አይጠማውም፣ ልጅ አይድርም፣ ግድግዳ ሲፈርስበት የሚጠግንበት ድንጋይና ጭቃ አይፈልግም። ቅርሱን ጠብቅ የተባለ ነዋሪ በቤቱ መኖር የሚችልበት ነገር ሁሉ መቅደም አለበት፤ ስፌቱም ግድግዳው ላይ የሚሰቀለው ያኔ ነው።

ከተማዋ ያጣችውም ቅርስ አለ፤ የሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ የእጅ ሥራ የነበረው የራስ መኮንን ሐውልት በሰኔ 2012 ዓ.ም. ሁከት ፈርሷል። ፈረሱ ላይ ሆኖ በልጅነቴ የማውቀው ነው፤ አዘንኩ። በጨለንቆ ዘመዶቹ ያለቁበት ሰው ያንን ፈረሰኛ በየቀኑ እያየ ማለፉ ምን እንደሆነም ገባኝ። አንዱን ትውስታ ለማቆም ሌላውን ማፍረስ ግን ግዴታ እንዳልሆነ ያው የራስ ተፈሪ ቤት ማስረጃ ነው። የሐረሪው፣ የኦሮሞው፣ የአማራው፣ የአርጎባው፣ የሶማሌው ዕቃ በአንድ ጣሪያ ሥር አለ፤ ማንም ማንንም አልገፋም።

አቶ አብዱላሂ ከዕቃው ጋር ድምፅም ሰብስበዋል፤ የድሮ የሐረሪ ዘፈኖች በካሴት ተቀርጸው ተቀምጠዋል። እዚህ ላይ ነው ውጭ ያለነውን የምለምነው። ቶሮንቶ ውስጥ ስንት ቤት፣ ምድር ቤት ካርቶን ውስጥ የሰርግ ካሴት፣ የአያት ፎቶ፣ በስደት ጊዜ በሻንጣ የወጣ የብር አምባር አለ! ልጆቻችን ካሴት ማጫወቻ እንኳ አያውቁም። እኛ ካለፍን በኋላ ካርቶኑ ወደ ቆሻሻ ነው የሚሄደው። አምባሩን መስጠት ለሚከብደው ፎቶውን ማባዛት፣ ካሴቱን አስገልብጦ መላክ ይቻላል። ሲላክ ታዲያ ዘፋኟ ማን እንደሆነች፣ ሰርጉ የማን እንደነበር፣ በየትኛው በር አካባቢ እንደተቀረጸ ከጀርባው ይጻፍበት። ይህን የሚያስታውሱት እናቶች ገና በሕይወት ስላሉ ዛሬውኑ ደውሎ መጠየቅ ነው።